የጆሮ ጌጥና የጆሮ ሥራ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል የአገራችን ተረት። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ነገር ከሁሉ በኋላ የሚሰማው እርሱ ራሱ ነውና። በዚህ በእኛ ዘመን ግን ተረቱ ሌላ ትርጉም ያገኘ ይመስለኛል። ጆሮውን በብዙ ሺህ ብር ያስጌጠ፣ በጆሮው ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ግን የተወ ሰው ተነሥቷል። የዚህ ሰው ጆሮ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለእናቱም፣ ለጎረቤቱም ባዳ ሆኗል። ወጣቶች ሆይ፣ ዛሬ ልከራከራችሁ የተነሣሁት ስለዚህ ሰው ነው።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርሁ፣ አሁን በጡረታ በሰበታ የምኖር ሰው ነኝ። ሥራ የጀመርሁት ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ባለችው በሱሉልታ ነበር፤ ከዚያ በአምቦ መንገድ ወደ ገፈርሳ ሲሄዱ በምትገኘው በቡራዩ አስተማርሁ፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት በጅማ መንገድ በሰበታ ፈጸምሁ። እነዚህ ከተሞች ዛሬ ሸገር ከተማ በሚባለው ውስጥ ተጠቃለዋል፤ ለእኔ ግን ያው ሱሉልታ፣ ያው ቡራዩ፣ ያው ሰበታ ናቸው። ይህን የምናገረው የምነቅፋቸውን ልጆች ከሩቅ ሆኜ የምፈርድባቸው እንዳይመስላችሁ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ነበሩ።

የምነቅፈውን ነገር አስቀድሜ ልለይ። ሙዚቃ መስማትን አልነቅፍም። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ መግዛትንም አልነቅፍም፤ መልካም ጫማ የገዛን ሰው ማን ይነቅፋል? እኔ የምነቅፈው ማዳመጫውን የሚያዳምጠውን ሰው ነው። ይህ ሰው ዘፈኑን አይሰማም፤ ዘፈኑን የሚያሰማውን ዕቃ ይሰማል። አንዱን ማዳመጫ ከሌላው፣ አንዱን አምፕሊፋየር ከሌላው ሲያወዳድር ይውላል፤ ሲያወዳድር ያመሻል፤ ከዚያም የጎደለ ነገር ያለ መስሎት ሌላ ይገዛል፤ የገዛውንም እንደ ገና ያወዳድራል። ይህ ነገር ቀልድ ቢመስልም በውስጡ ትልቅ ኪሣራ አለ። ኪሣራው ምን እንደ ሆነ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት በክረምት መውጫ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቡራዩ ወዳለው ቤቱ ጠራኝ። ደመወዙ ደኅና ነው፤ ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ ጨዋ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ፊዚክስ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና ይህን ሳላሳይዎት አልቀርም» ብሎ ወደ ክፍሉ አስገባኝ። ሁለት ጓደኞቹም ነበሩ። በጠረጴዛው ላይ አራት የጆሮ ማዳመጫና ሁለት አምፕሊፋየር ተደርድሯል። አንዱን ማዳመጫ አጎቱ ከአሜሪካ ልኮለታል፤ ሁለቱን ከውጭ በሚመላለሱ ሰዎች እጅ አስመጥቷል፤ አንዱን ከመርካቶ «ኦሪጅናል» ተብሎ ገዝቶ ኋላ ኮፒ ሆኖ አግኝቶታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ምን ያህል እንደ ናረ ታውቃላችሁ። የሁሉንም ዋጋ ብጠይቀው እየሳቀ ደምሮ ነገረኝ። ከእኔ የሁለት ዓመት ጡረታ ይበልጣል።

ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። በዚያ አምስት ሰዓት ውስጥ አንድም ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልተሰማም። አንዱ ሃያ ሴኮንድ ያህል ይሰማና «ወፍራሙ ድምፅ በዝቷል» ይላል፤ ማዳመጫውን ይለውጥና ከዚያው ቦታ እንደ ገና ይጀምራል። ሌላው ይቀበለውና «ይኼኛው ቀጭኑን ድምፅ ያጠራል» ይላል። በወሊሶ ያደገው ጥላሁን ገሠሠ በዚያ ምሽት ሠላሳ ጊዜ አፉን ከፍቶ፣ ሠላሳ ጊዜ ቃሉን ሳይጨርስ ተቋረጠ። ከልጆቹ አንዱን «ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ማን?» አለኝ። «ዘፋኙ» አልሁት። ፈገግ አለና «ጋሼ፣ እሱን እንኳ ልብ አላልኩትም» አለኝ።

ዝናብ ስለ ያዘኝ እዚያው አደርሁ። ሊነጋጋ ሲል የእድር ጥሩምባ ተነፋ። ጥሩምባ ነፊው በየመንገዱ መታጠፊያ እየቆመ የሟቹን ስም ይጠራ ነበር፤ ሟቹ ለብዙ ዘመን የሰፈሩ ዘበኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። የልጁ እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ልጇ ክፍል ገባች፤ ስሙን ጠራች፤ አልሰማም። የውጭውን ድምፅ የሚያጠፋውን ማዳመጫ በራሱ ላይ ደፍቶ፣ ሙዚቃው እየተጫወተ አንቀላፍቶ ነበር። «ይተዉት መምህር፣ ደክሞት ነው» አለችኝና ብቻዋን ወጣች፤ እኔም ተከተልኋት። በመንገድ ላይ እንደ ነገረችኝ፣ ልጁ ሕፃን ሳለ በክረምት ጎርፍ ሲሞላ በጀርባቸው አዝለው ወደ ትምህርት ቤት ያሻግሩት የነበሩ እኒያ ሽማግሌ ናቸው።

ልጁ ረፋድ ላይ ሰማ። የሰፈሩ ወጣቶች ድንኳን ሲተክሉ፣ ወንበር ሲያመላልሱ አልነበረም፤ የደረሰው ለቀብሩ ብቻ ነው። እናቱ ስለ ተገኘች እድሩ አልቀጣቸውም፤ እርሱ ግን ድንኳኑ ጥግ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ አየሁት። የቤቱ ሰው ሁሉ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሰማውን ጥሩምባ፣ ስለ ድምፅ ጥራት ከሁሉ ይበልጥ አውቃለሁ የሚለው ልጅ ብቻ አልሰማውም።

«ይህ የእንቅልፍ ጥፋት እንጂ የማዳመጫው አይደለም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዕቃ አይበድልም። የውጭውን ድምፅ በተቃራኒ ድምፅ የማጥፋት ዘዴም የታሰበው ለመልካም ነው፤ አሜሪካዊው መሐንዲስ አማር ቦዝ ሐሳቡን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1978 በአውሮፕላን ሲጓዝ አፈለቀው፤ ኩባንያውም በ1989 ለአውሮፕላን አብራሪዎች የሚሆን ማዳመጫ አድርጎ ለገበያ አወጣው። አብራሪው የሞተሩን ጩኸት የሚያጠፋው ሰው የሚነግረውን አጥርቶ ለመስማት ነው። እኛ ግን ዕቃውን ተቀብለን ዓላማውን ገለበጥነው፤ ሰው የሚነግረንን ላለመስማት አደረግነው።

አሁን ደግሞ እነርሱ በሚመኩበት በዕውቀቱ ሜዳ ልግጠማቸው።

የጆሮ ማዳመጫ አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ማግኔት፣ በማግኔቱ አጠገብ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦና ከሽቦው ጋር የተያያዘ ስስ ሽፋን ነው። ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲመላለስ ሽፋኑ ይርገበገባል፤ አየሩን ይገፋል፤ ድምፅ ይሆናል። በአሜሪካ የዩታ ሰው ናትናኤል ባልድዊን በ1910 ገደማ ለአገሩ ባሕር ኃይል ያቀረባቸውን ማዳመጫዎች የሠራው በቤቱ ማድ ቤት ውስጥ ነበር። በሁለት ጆሮ ሁለት ልዩ ልዩ ድምፅ የሚያሰማውን የስቴሪዮ ማዳመጫ ደግሞ ጆን ኮስ በ1958 ለሕዝብ አሳየ። አምፕሊፋየር ማለትም ደካማውን የኤሌክትሪክ ምልክት ተቀብሎ ጉልበት የሚሰጥ ዕቃ ነው። አንዳንድ ማዳመጫ፣ ለምሳሌ 300 ኦም ተቃውሞ ያለው፣ ከስልክ የሚወጣው ጉልበት ላይበቃው ይችላልና ለእርሱ አምፕሊፋየር መግዛት ተገቢ ነው። ነገር ግን ድምፁ ሳይበላሽ በበቂ መጠን ከተሰማ በኋላ፣ በላዩ ጉልበት መጨመር በሞላ እንስራ ላይ ውኃ እንደ ማፍሰስ ነው።

ዋጋውስ? ሴንሃይዘር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ2015 ያስተዋወቀው አንድ ማዳመጫ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ዋጋው 50,000 ዩሮ ያህል ነበር፤ የአምፕሊፋየሩ አካል ከጣልያን የካራራ እብነ በረድ የተሠራ ነው። እብነ በረድ ይሰማልን? በ2017 የታተመ የየሩን ብሬባርት ጥናት ደግሞ 283 ማዳመጫዎችን ለክቶ፣ ማዳመጫው ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በሚያወጣበት መጠንና በሽያጭ ዋጋው መካከል ዝምድና አላገኘም። ይህ ማለት ሁሉም እኩል ናቸው ማለት አይደለም፤ አንዱ ከሌላው በግልጽ ይለያል። ዋጋው ግን የትኛው መልካም እንደ ሆነ አይነግርም ማለት ነው።

የማወዳደሩም ነገር ራሱ ብዙ ጊዜ ሐሰት አለበት። የሰው ጆሮ ጥቂት ጎላ ያለውን ድምፅ «ጎልቷል» አይለውም፤ «ይሻላል» ይለዋል። ስለዚህ ሁለት አምፕሊፋየሮችን ጉልበታቸውን ሳያስተካክል የሚያወዳድር ሰው፣ አንዱን እህል በሙሉ ቁና፣ ሌላውን በጎደሎ ቁና ሰፍሮ ዋጋ እንደሚያወዳድር ነጋዴ ነው። ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው እሑድ ወደ ቡራዩ ተመልሼ ልጁን «ና፣ እንደ ድሮው ሙከራ እንሥራ» አልሁት። የቮልት መለኪያዬን ይዤ ነበር። አንድ ሺህ ኸርዝ የሆነ ድምፅ በሁለቱም አምፕሊፋየሮች አሳልፌ ጉልበታቸውን እኩል አደረግሁ፤ በፊቱም የእናቱን ነጠላ ጋረድሁ። ማዳመጫውን ስለዋውጥበት ወዲያው ለየ፤ ይህን አመሰግንለታለሁ። አምፕሊፋየሩን ስለዋውጥበት ግን ከሃያ ጊዜ አሥራ አንዱን አገኘ። ሳንቲም ወርውሮ ዘውድና ጎፈር ቢል ኖሮ አሥር ያህል ያገኝ ነበር። ከዚያ በፊት ውዱ አምፕሊፋየር ከርካሹ «እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃል» ሲል የኖረ ልጅ ነው። ለካ ሲሰማው የኖረው ዋጋውን ነበር።

እዚህ ላይ ሌላ ተረት ትዝ አለኝ፤ በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች። ማዳመጫህ ምን አሰማህ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የተሠራው በጀርመን ነው ብሎ የሚመልስ ልጅ ከዚች በቅሎ በምን ይለያል?

እስቲ ደግሞ በአገራችን ድምፅን በመሣሪያ መስማት እንዴት እንደ ተጀመረ ተመልከቱ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፅዋን በሰም ጥቅል ላይ አስቀርጻ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላከች። ንጉሠ ነገሥቱ መልእክቱን ለክብሯ ቆመው እንደ ሰሙና መድፍም እንዳስተኮሱ ይነገራል። በሚቀጥለው ዓመት እርሳቸውና እቴጌይቱ በተራቸው ድምፃቸውን አስቀርጸው ላኩ። ያ መሣሪያ ዛሬ በመንገድ ዳር ተዘርግቶ ከሚሸጠው ርካሽ ኤርፎን ጋር ቢወዳደር የሚያንኮሻኩሽና የሚያፏጭ ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ከባሕር ማዶ ተናገረ፤ ሌላው ቆሞ ሰማ፤ ከዚያም መለሰ። የመስማት ሥራ ማለት ይህ ነው፤ መቆም፣ መስማት፣ መመለስ።

ከዚያም ወዲህ ቢሆን ዛሬ በውድ ማዳመጫ የሚፈተነው ሙዚቃችን በምን ተቀዳ? ተሰማ እሸቴ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን ሳለ በሸክላ ያስቀረጸው፣ ኤሌክትሪክ የሌለበት የቀንድ መሣሪያ በነበረበት ዘመን ነው። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ሲያቋቁም የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ያሳተመው ሕንድ አገር ልኮ ነው። እነዚያን የመሰሉ ዘፈኖች ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በፈረንሳይ አገር ተሰብስበው ሲታተሙ ዓለም ተደነቀባቸው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአሜሪካ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራው ካሴት፣ አንድ አሜሪካዊ በባሕር ዳር ከሱቅ አግኝቶት በ2013 እንደ ገና ታተመ፤ በዚያን ጊዜ ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። እነሆ፣ በሺህ ዶላር ማዳመጫ የሚሰማው ከሱቅ መደርደሪያ የወጣ የካሴት ድምፅ ነው። የገዢዎቹ ገንዘብ ያልጨመረበትን ነገር ሠሪዎቹ አስቀድመው አኑረውበት ነበር።

የበገናም ነገር አለ። የአምፕሊፋየር ሠሪዎች ትልቁ ትምክህት «የእኛ ዕቃ ድምፅን አያንሻክርም» ማለት ነው። አሥር አውታር ያለው በገና ግን እንዝራ የሚባል የቆዳ ቁራጭ ከአውታሩ ሥር ይገባለታል፤ ይህም ሆን ተብሎ እንዲነዝር ነው። ያ ንዝረት ባይኖር በገና በገና አይሆንም ነበር። ባዕድ ሰሚ ጉድለት ይለው ይሆናል፤ አባቶቻችን ግን ሰውን ወደ ልቡ የሚመልሰው ይህ ድምፅ ነው ብለው ሠሩት። እንግዲህ የጥራት መለኪያውን ከሌላ ተውሶ የገዛ አገሩን ድምፅ የሚለካ ሰው ምን ያህል ይሳሳት ይሆን? የሰው ወርቅ አያደምቅ።

አሁን ወደ ሰበታ ልመልሳችሁ። በሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መኖሩን ታውቃላችሁ። እኔም በጡረታ ዘመኔ ሕግ የሚያጠና አንድ ዓይነ ስውር ወጣት ጎረቤት አለኝ። ትምህርቱን ጓደኞቹ አንብበው በስልክ ይቀዱለታል፤ እርሱ በአንድ ኤርፎን ይሰማል። ኤርፎኑ አንድ ወገኑ ሞቷል፤ የሚሠራውም ወገን በፕላስተር ታስሯል። አንድ ቀን ስለ ቡራዩው ጠረጴዛ ብነግረው ቅናት አላየሁበትም። «ጋሼ፣ እኔ የምፈራው የድምፁን ጥራት አይደለም፤ አንባቢዬ ሰልችቶት ገጽ እንዳይዘልል ነው» አለኝና ሳቀ። ይህ ልጅ በዚያች በታሰረች ኤርፎን ሙሉ መጽሐፍ ሰምቷል። እነዚያ ልጆች በአራት ማዳመጫ አንድ ዘፈን አልሰሙም። ሁለቱን አነጻጽሩና ሀብታሙ ማን እንደ ሆነ ንገሩኝ።

«ገንዘቡ የእኔ አይደለምን? ምን አገባዎት?» የሚለኝ ይኖራል። ገንዘቡስ የአንተ ነው፤ አልቀማህም። አምስቱ ሰዓትም የአንተ ነበር፤ ነገር ግን አንዴ ከሄደ ማንም አይመልስልህም፤ ለዚያ ነው የሚያገባኝ። ሌላው ደግሞ «ጆሮን ማሠልጠን ዕውቀት ነው፤ በስቱዲዮ የሚሠሩ ሰዎችም ያወዳድራሉ» ይላል። እውነት ነው፤ ያወዳድራሉ። እነርሱ ግን የሚያወዳድሩት አንዱን መርጠው ሥራቸውን ለመቀጠል ነው። አናጢ መጋዙን ይሞክራል፤ ከዚያ እንጨቱን ይቆርጣል። ቀኑን ሙሉ መጋዝ ሲሞክር የሚውል አናጢ ግን በር የሌለው ቤት ውስጥ ብርድ ይገድለዋል።

ደግሞም በሥጋ ላይ የሚደርስ ጉዳት አለ። ከሦስቱ ልጆች አንዱ ሌሊት ሌሊት ጆሮው እንደሚጮኽበት ነግሮኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው በ80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይቻላል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ወደ 20 ሰዓት፣ በ86 ወደ 10 ሰዓት ይወርዳል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ረቂቅ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ዳግመኛ አይበቅሉም። ጉልበት የሚጨምር ዕቃ የገዛ ሰው ጉልበቱን መሞከሩ አይቀርም። እንዲህ አድርጎ፣ የተሻለ ለመስማት ብሎ የገዛው ዕቃ መስሚያውን ይሸጥበታል።

እስከ አሁን ሌላውን ስነቅፍ ቆየሁ። ነገር ግን ይህን ሁሉ በድፍረት የምናገረው በሽታው እኔንም ይዞኝ ስለ ነበረ ነው። በሱሉልታ ወጣት መምህር ሳለሁ፣ በ1979 ዓ.ም.፣ ብዙ ወር ከደመወዜ ቆጥቤ ቴፕ ሪኮርደርና አንድ የጆሮ ማዳመጫ ገዛሁ። ከሌላ መምህር ቴፕ ጋር ሳወዳድር ማታ ማታ አመሽ ነበር። በዚያው ዓመት አባቴ ከወለጋ ሊጠይቀኝ መጣ። ማታ ከእራት በኋላ ስለ ልጅነቱ፣ በጣልያን ጊዜ አባቱና እናቱ እንዴት እንደ ተደበቁ ይነግረኝ ጀመር። እኔም «ቆይ አባባ፣ አስቀድመህ ይህን ስማ» ብዬ ማዳመጫውን በራሱ ላይ ደፋሁበት። ጥቂት ሰማና አወለቀው፤ በእጁም አገላብጦ አየው። «መልካም ነው፤ አሁን ደግሞ እኔን ስማኝ» አለኝ። እኔ ሳቅሁና ሌላ ካሴት ከተትሁ።

አምስት ቀን ሰንብቶ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። ያ ቴፕ ድምፅ የሚቀዳበት አንድ ቀይ ቁልፍ ነበረው። ከሃምሳ የሚበልጡ ካሴቶች አሉኝ፤ የአባቴ ድምፅ ግን በአንዱም የለበትም። አያቶቼ የት ተደብቀው እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሚነግረኝም ሰው የለም። ቴፑ ከሌላው መምህር ቴፕ ይበልጥ እንደ ነበረ ግን አስታውሳለሁ። ዕድሜ ልኬን የያዝሁት ዕውቀት ይህ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ከዚህ ከጎዳኝ ነገር ጥቂት ምክር ልስጣችሁ። አንደኛ፣ ማዳመጫ ስትገዙ አንድ ምረጡ፤ ከመረጣችሁ በኋላ የማወዳደሩን በር ዝጉ። ሁለተኛ፣ የጀመራችሁትን ዘፈን ጨርሱ፤ ዘፋኙ ምን እንዳለም መልሳችሁ መናገር እስክትችሉ ድረስ ሰማን አትበሉ። ሦስተኛ፣ በቤት ውስጥ ሰው ሲኖር አንድ ጆሮ ክፍት ይሁን፤ ጥሩምባው መቼ እንደሚነፋ አይታወቅምና። አራተኛ፣ በኪሳችሁ ባለው ስልክ፣ እንደዚያ ቀይ ቁልፍ ያለ መቅጃ አለ፤ ወላጆቻችሁን አስቀምጣችሁ ጠይቁ፤ ቅዱም። ጥራቱ ቢጎድል፣ ዶሮ ቢጮኽበት፣ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ቢወርድበት አትጨነቁ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የምትሹት ያንን ዝናብ ጭምር ይሆናል።

የቡራዩው ልጅ ክርክሬን ሁሉ አልተቀበለም። «ጋሼ፣ ሙከራው በሌላ ዘፈን ይደገም» ይላል፤ ሁለቱም አምፕሊፋየሮች ዛሬም በጠረጴዛው ላይ አሉ። ይሁን፤ ተማሪ መምህሩን ሲከራከር ደስ ይለኛል። ነገር ግን በቀደም ደውሎ፣ እናቱ ስለ እኒያ ሽማግሌ የምታውቀውን ሁሉ እንድትነግረው ጠይቋት ሁለት ሰዓት ያህል እንደ ቀዳት አወራኝ። በየትኛው ዕቃ እንደ ቀዳት አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

በሱሉልታ ሳስተምር የአገራችን የሳተላይት መገናኛ ጣቢያ በዚያ ነበረና፣ ተማሪዎቼ ያንን ትልቅ ነጭ ሳሕን ከሜዳው ማዶ እያዩ «ለምን ይህን ያህል ተለቀ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። እኔም «ከሩቅ የሚመጣው ድምፅ ደካማ ስለ ሆነ ነው፤ ትልቅነቱ ለመታየት ሳይሆን ደካማውን ለመስማት ነው» እላቸው ነበር። መልሱ ያን ጊዜ ስለ ሳሕኑ ነበር። ዛሬ ስለ ሰው ጆሮም ያው መልስ ነው ያለኝ።